ታሪክ የሌለው ባሌት ምኑ ይታያል? (የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ)

ባለፈው እትም ስለ ኒውዮርክ ሲቲ ባሌት ስንጽፍ «አጎን» የሚባለውን ባሌት በሁለት መስመር ጠቅሰን አልፈን ነበር፣ ከዛ በኋላ የመጣው መልእክት ግን አብዛኛው ስለ እሱ ሆነ። ስለዚህ የዚህ ወር ዓምድ በሙሉ የአጎን ነው። ዓመቶቹም ወሮቹም ቀኖቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጅ፣ ልጄ 13 ዓመቷ ነው፣ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ባሌት ትማራለች። አስተማሪያቸው አጎንን በቪዲዮ አሳየቻቸውና ቤት መጥታ እኔንም አስቀምጣ አሳየችኝ። እውነቱን ልናገርና ግራ ገባኝ። ልዕልት የለ፣ ስዋን የለ፣ ልብሳቸው ስፖርት ሊሰሩ የመጡ ነው ሚያስመስላቸው፣ ሙዚቃው ደሞ መሳሪያዎቹ የተኮራረፉ ይመስላሉ። ልጄ ግን አበደችለት። ይሄ ባሌት ነው ወይ? እኔስ ምኑን ነው ማየት ያለብኝ? (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እህቴ፣ ባሌት ነው፣ ያውም ባለፈው ክፍለ ዘመን ከተሰሩት ውስጥ አምስት ብቻ ምረጡ ብባል አጎንን አላስቀርም። ልጅሽ ጥሩ ዓይን አላት።

ባሌት ሲባል ቶሎ ሚመጣልን ስዋን ሌክ ነው አይደል፣ እሱና መሰሎቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሴንት ፒተርስበርግ ላይ በዳንስ ደራሲው በማሪየስ ፔቲፓ እጅ ያለፉ ናቸው፣ እዛ ውስጥ ልዕልት አለች፣ ጠንቋይ አለ፣ ዳንሱ በመሀል ቆም ይልና በእጅ ምልክት «እወድሻለሁ»፣ «እምላለሁ» ምናምን ይባባላሉ፣ ከዛ ደሞ ዳንሱ ይቀጥላል። የአጎንን ዳንስ የሰራው ጆርጅ ባላንቺን በ1904 የተወለደው እዛው ሴንት ፒተርስበርግ ነው፣ አባቱ ጆርጂያዊ የሙዚቃ ደራሲ ነበሩ፣ ዳንስ የተማረውም በዛው በንጉሡ ቲያትር ትምህርት ቤት ነው፣ ስለዚህ የድሮውን ባሌት ከውስጥ ነው ሚያውቀው። የጣለው ስቴፑን አይደለም። ታሪኩን፣ የእጅ ምልክቱን፣ ቤተመንግስቱን ነው የጣለው። ስቴፑንማ ይዞ አፈጠነው፣ ዳሌ ከቦታው እንዲወጣ፣ እግር አንዳንዴ ወደ ውስጥ እንዲዞር፣ ሰውነት ሚዛኑን ሊስት አንድ ጸጉር እስኪቀረው ድረስ እንዲለጠጥ አደረገ። ኒዮክላሲካል የሚሉት ይሄንን ነው።

ነገሩ የጀመረው በ1928 ነው፣ ፓሪስ ላይ፣ ባላንቺን ገና 24 ዓመቱ፣ ዲያጊሌቭ ለሚመራው ቡድን በኋላ የአጎንንም ሙዚቃ የጻፈውን የኢጎር ስትራቪንስኪን «አፖሎ» ሰራ፣ ሙዚቃው በባለ ክር መሳሪያዎች ብቻ ነው ሚጫወተው፣ ረጋ ያለ፣ ትርፍ ነገር የሌለበት። ባላንቺን በኋላ ሲናገር፣ ያሰበውን ሁሉ መክተት እንደሌለበትና መተውም እንደሚቻል የተማረው ከዚህ ሙዚቃ እንደሆነ ገልጿል። ከዛ በኋላ ያለው ሙያው በሙሉ እየቀነሱ መሄድ ነው ማለት ይቻላል። በ1946 የሰራው «ዘ ፎር ቴምፐራመንትስ» መጀመሪያ ከባድ ከባድ ልብስ ነበረው፣ ልብሱ ዳንሱን ሸፈነበት፣ በ1951 አውልቆ ጣለውና ዳንሰኞቹን በልምምድ ልብስ አወጣቸው። አጎን ሲሰራ በ1957 ግን ከመጀመሪያውም ሌላ ልብስ አልታሰበለትም፣ ሴቶቹ ጥቁር ሌዎታርድ (ሰውነት ላይ ጥብቅ የሚል የልምምድ ልብስ)፣ ወንዶቹ ነጭ ቲሸርትና ጥቁር ታይት፣ ከኋላ ሰማያዊ መጋረጃ፣ በቃ።

አሁን ምን ልይ ላልሽው። እንደገና ክፈቺውና መጀመሪያውን እዪ። መጋረጃው ሲከፈት ሙዚቃ የለም፣ አራት ወንዶች ከስቴጁ ጀርባ ቆመዋል፣ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው፣ ጀርባቸውን ለኛ ሰጥተው። በዝምታ ዞር ይላሉ፣ ከዛ ነው ትራምፔቱ የሚነሳው። ያን ጊዜ «እነዚህ እነማን ናቸው» ብለሽ አትጠይቂ፣ ማን ለማን እየመለሰ ነው ብለሽ እዪ። አንዱ እጁን ሲዘረጋ ሌላው ዘግይቶ ያንኑ ይደግማል፣ ሁለቱ አንድ ነገር ሲሰሩ ሁለቱ ይከዷቸዋል፣ ቀጥሎ ስምንት ሴቶች ይገባሉ፣ ቀጥሎ አስራ ሁለቱም አንድ ላይ ይሆናሉ። አጎን የግሪክ ቃል ነው፣ ፉክክር ማለት ነው፣ ፉክክሩ ይሄው ነው። ሁለቴ ሶስቴ ካየሽው ታሪክ ጎደለኝ ማለትሽን ትተይዋለሽ ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ የሙዚቃ አስተማሪ ስሆን የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። የአጎን ሙዚቃ መጀመሪያ የተሰማው እኛ ከተማ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? ደግሞስ የቀደመው ሙዚቃው ነው ወይስ ዳንሱ? ፔቲፓ ለቻይኮቭስኪ ይህን ያህል ባር (የሙዚቃ ምት ክፍል) ጻፍልኝ እያለ ያዘው እንደነበር አውቃለሁ፣ እነዚህስ እንዴት ሰሩ? (አንባቢ፣ ከሎስ አንጀለስ)

መልስ፦ ጋሼ፣ የሰሙት እውነት ነው። ሰኔ 17 ቀን 1957 እዛው ዩሲኤልኤ ሮይስ ሆል ውስጥ፣ ስትራቪንስኪ 75 ዓመት የሞላው ቀን፣ ሮበርት ክራፍት እየመራው ያለ ዳንስ ለብቻው ተጫወተ። ዳንሱ ኒውዮርክ ላይ የታየው ከዛ በኋላ በዛው ዓመት ህዳር ነው። ስትራቪንስኪ ያኔ ጎረቤትዎ ማለት ነው፣ ቤቱ ሆሊውድ አካባቢ ነበር።

ማን ቀደመ ለሚለው መልሱ ትንሽ ጠምዘዝ ይላል፣ ሙዚቃው ከዳንሱ በፊት አለቀ፣ ግን ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን አልተጻፈም። ነገሩን የጎተጎተው ሊንከን ከርስታይን ነው፣ ባላንቺንን ወደ አሜሪካ ያመጣው፣ በ1934 ትምህርት ቤቱን በ1948 ደሞ ኒውዮርክ ሲቲ ባሌትን አብሮት የመሰረተው ሰው። ከርስታይን የፈለገው አፖሎ አለ፣ በ1948 የተሰራው «ኦርፊየስ» አለ፣ ሶስተኛ የግሪክ አፈ ታሪክ ይጨመርልኝ ነው። ስትራቪንስኪ አፈ ታሪኩን አልፈለገም። የያዘው ነገር ከርስታይን የላከለትን ሌላ ዕቃ ነው፣ ደ ሎዝ የሚባል ፈረንሳዊ በ1623 ያሳተመው የዳንስ መማሪያ፣ የቤተመንግስት ዳንሶች አካሄዳቸው የተጻፈበት። ሳራባንድ፣ ጋያርድ፣ ብራንል የሚባሉት በአጎን ውስጥ ያሉ ክፍሎች ስማቸውን ያገኙት ከዛ ዘመን ዳንስ ነው። ገንዘቡ ከሮክፌለር ፋውንዴሽን መጣ፣ ለስትራቪንስኪ 10,000 ዶላር።

ከዛ ሁለቱ ወዳጆች ቁጭ ብለው አቀዱ። እዚህ ጋ ነው ከፔቲፓ ጋር ሚለያዩት። ፔቲፓ ለቻይኮቭስኪ ትዕዛዝ ነው የሰጠው፣ እዚህ ጋ ልዕልቷ ትገባለች፣ ይህን ያህል ባር፣ እንደዚህ ያለ ስሜት እያለ። ባላንቺን ስሜት አላዘዘም። የተነጋገሩት ስለ ጊዜ ነው፣ ስንት ሰው፣ ስንት ደቂቃ፣ ስንት ሰከንድ። ባላንቺን ራሱ ፒያኖ ይጫወታል፣ ዳንስ እየሰራ በፔትሮግራድ ኮንሰርቫቶሪ ሙዚቃ ተምሯል፣ ስለዚህ ፓርቲቱር (የሙዚቃው ሙሉ ኖታ) ሲሰጠው እንደ ሙዚቀኛ ነው ሚያነበው፣ ስትራቪንስኪም እንደዛ ነበር ሚያየው። አስራ ሁለት ዳንሰኛ፣ ስምንት ሴት አራት ወንድ፣ አስራ ሁለት ቁራጭ ዳንስ፣ በአራት ክፍል የተከፈለ፣ በየክፍሉ ሶስት ሶስት።

አስራ ሁለት የሚለው ሌላም ቦታ አለ፣ ይሄንን ደሞ እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል። ስትራቪንስኪ አጎንን የጀመረው በ1953 መጨረሻ ነው፣ በመሀል አቋርጦ ሌላ ስራ ገባ፣ የጨረሰው ሚያዝያ 1957። በነዚያ ዓመታት ውስጥ አጻጻፉ ተቀየረ፣ ፒያኖ ላይ ያሉትን አስራ ሁለቱን ድምጾች በቅደም ተከተል ደርድሮ ከዛ ሰልፍ ላይ የመጻፍን ዘዴ ያዘ፣ ያውም ከ70 ዓመቱ በኋላ፣ ሰው በለመደው ሚጦርበት ዕድሜ። ውጤቱ አጎን ውስጥ ይሰማል፣ መክፈቻው የትራምፔት ጥሪ አሮጌው ስትራቪንስኪ ነው፣ ጆሮ ቶሎ ይቀበለዋል፣ ወደ መሀል ሲገቡ ድምጹ እየተበተነ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ መክፈቻው ይመለሳል። ሙዚቃው ሲሰራ የነበረበት የአራት ዓመት ለውጥ 20 ምናምን ደቂቃ ውስጥ ታጥፎ ገብቷል። ኦርኬስትራው ደሞ ትልቅ ሆኖ ሁሉም አንድ ላይ የሚጮሁበት ቦታ የለም። ማንዶሊን ከበገና መሰሉ ሀርፕ ጋር፣ ሶሎ ቫዮሊን ከዛይሎፎንና ከትሮምቦን ጋር፣ እንደዚህ ትንንሽ ቡድን እየሆነ ነው ሚሄደው። ዳንሱም እንደዛው ነው፣ ሁለት፣ ሶስት፣ አንድ።

አንድ ቦታ ብቻ ልጠቁምዎት፣ ብራንል ሳምፕል የሚባለው ጋ ሁለት ትራምፔት አንዱ አንዱን እየተከተለ በካኖን ይጀምራል፣ ስቴጁ ላይ ደሞ ሁለት ወንዶች አንዱ የሌላውን እየደገመ ይደንሳል። የሰሙትን ነው ሚያዩት። ሌላ ጊዜ ግን ባላንቺን ሙዚቃውን እንዲህ በቀጥታ አይከተልም፣ አንዳንዴ ሙዚቃው ሲቸኩል ዳንሰኛዋ ዝም ብላ ትቆማለች፣ ያንን መምረጡ ነው ትልቁ ችሎታ።

ጥያቄ፦ ሀይ፣ እዚህ ሀይፋ ለልጆች እስክስታ አስተምራለሁ። አጎንን ዩቱብ ላይ አየሁት፣ ቢት ሚባል ነገር የለውም እኮ! ዳንሰኞቹ በምን ነው ሚይዙት? (ወጣት፣ ከሀይፋ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመቁጠር። አጭሩ መልስ እሱ ነው፣ ቢት ግን አለው፣ ቦታው ይቀያየራል እንጂ።

ጥሩ ማሳያው ብራንል ጌይ የሚባለው ነው፣ አንዲት ሴት ብቻዋን የምትደንሰው። እዛ ላይ ካስታኔት (እርስ በርስ ሚጋጩ ትንንሽ እንጨቶች) አለ፣ ካስታኔቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሪትም ብቻ ነው ሚመታው፣ ሶስት ስምንተኛ፣ ንቅንቅ አይልም። ሌሎቹ መሳሪያዎች ግን በዛ ላይ ሰባት አስራ ስድስተኛ፣ አምስት አስራ ስድስተኛ እያሉ ባሩን ይቀያይሩታል። አስበው፣ ከበሮው የጀመረውን ምት ሳይለቅ ማሲንቆው ግን በየመስመሩ እየረዘመ እያጠረ ቢሄድ፣ አንተ ትከሻህን ለማን ትሰጣለህ? ሴትየዋ ለሁለቱም ነው ምትሰጠው፣ እግሯ አንዱን ይይዛል እጇና ወገቧ ሌላውን፣ በ1957 ይህን መጀመሪያ የሰራችው ሜሊሳ ሄይደን ናት።

ልምምድ ላይ ኦርኬስትራ የለም፣ ፒያኖ ነው ያለው፣ ባላንቺን እራሱ እየደነሰ ነው ሚያሳየው፣ ወረቀት ላይ ጽፎ አይመጣም፣ ፓርቲቱሩን አንብቦ ጨርሶ ይመጣና ዳንሱን ግን እዛው ክፍሉ ውስጥ በነዚያ ሰዎች ሰውነት ላይ ነው ሚሰራው። በአጎን ብዙ ቦታ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ቁጥር አይቆጥርም፣ አንዷ ስድስት ስትቆጥር አጠገቧ ያለችው አምስት ልትቆጥር ትችላለች፣ ስለዚህ አይተሽ ተከተይ ሚባል ነገር አይሰራም። ስትራቪንስኪ ለመጨረሻዎቹ ልምምዶች ኒውዮርክ መጣ፣ ማርታ ስዎፕ የምትባል ወጣት ፎቶግራፈር እዛ ክፍል ውስጥ ያነሳቻቸው ፎቶዎች አሉ፣ አዛውንቱ ወንበር ላይ ሆኖ፣ ባላንቺን በዳንሰኞቹ መሀል። ፈልገህ እያቸው።

ለልጆቹ ማስተማሪያ ከፈለግክ አንድ ነገር ሞክር፣ ሁለት ቡድን አድርጋቸው፣ አንዱ በሶስት እየቆጠረ ያጨብጭብ ሌላው በአምስት እየቆጠረ ይራመድ፣ የት ላይ እንደሚገናኙ ራሳቸው ያግኙት።

ጥያቄ፦ ኢንስታግራም ላይ አንድ ጥቁር ወንድና አንዲት ነጭ ሴት የሚደንሱበት ፎቶ አየሁ፣ «አጎን 1957» ይላል። በዛ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ይህ እንዴት ተቻለ? ምን አሏቸው? (ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ደስ ያለኝ ጥያቄ ይሄ ነው። ሰውየው አርተር ሚቸል ነው፣ በ1934 ሃርለም የተወለደ፣ በ1955 ኒውዮርክ ሲቲ ባሌት የገባ። ሴትየዋ ዲያና አዳምስ ናት፣ የቨርጂኒያ ልጅ። ቨርጂኒያ ማለት ያኔ ጥቁርና ነጭ መጋባት በህግ ከሚከለከልባቸው ግዛቶች አንዷ ናት፣ ክልከላው በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተሻረው በ1967 ነው። አጎን ከመታየቱ ሁለት ወር በፊት፣ መስከረም 1957 ላይ ሊትል ሮክ ውስጥ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ወደ ነጮች ትምህርት ቤት የገቡት በወታደር ታጅበው ነው። ህዳር ላይ ደሞ እነዚህ ሁለት ሰዎች ኒውዮርክ ስቴጅ ላይ ወጡ።

አንድ ነገር ልብ በይ፣ ባላንቺን ጥቁር ዳንሰኛ አስገብቶ ከኋላ መስመር አላቆመውም። የባሌቱ ልብ የሆነውን፣ ፓ ደ ዱውን፣ የሁለት ሰው ዳንሱን ነው የሰጠው። ሚቸል በኋላ እንደተናገረው ከሁሉም ረጅም ጊዜ የፈጀው ይሄ ክፍል ነበር፣ ባላንቺንም የሁለቱን የቆዳ ቀለም ልዩነት ሆን ብሎ የዳንሱ አካል አድርጎ ተጠቅሞበታል። ቀስ ያለ ሙዚቃ ነው፣ ክር መሳሪያዎች። እጆቻቸውን እዪ፣ የሱ እጅ በሷ ክንድ ላይ ያልፋል፣ ጣቶች ይጠላለፋሉ፣ ይላቀቃሉ፣ በሌላ በኩል ይያያዛሉ፣ ጥቁርና ነጭ መሆናቸው በግልጽ ይታያል፣ ሊደበቅ አልተፈለገም። አንድ ቦታ ላይ እግሯን ይዞ በራሱ ዙሪያ ያዞረዋል። ሌላ ቦታ ላይ ደሞ እሱ ወለሉ ላይ በጀርባው ይተኛል፣ እሷ በአንድ እግሯ ጫፍ ቆማ ሌላውን እግሯን ወደ ኋላ ዘርግታ እጁን ይዛ ትቀራለች፣ ከተኛበት ነው ሚዛኗን ሚጠብቅላት። በድሮው ባሌት ወንዱ ከኋላዋ ቆሞ ወገቧን ይይዛል፣ ቆንጆ አድርጎ ያሳያታል። እዚህ ሁለቱም እየሰሩ ነው፣ ሁለቱም ይፈራሉ፣ ሁለቱም ይተማመናሉ፣ እኔ በባሌት ውስጥ ከዚህ የበለጠ ስለ ሁለት ሰው እውነት የሚናገር ነገር አላየሁም።

ተቃውሞ ነበር፣ አዎ። ባላንቺን ግን ሚቸልን አላወጣም። በአሜሪካ የንግድ ቴሌቪዥን ላይ ሚቸል ይህንን ፓ ደ ዱ የደነሰው በ1968 ነው፣ ከ11 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እዛው ዓመት ሚያዝያ ላይ ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገደሉ፣ ሚቸል ያንን ሲሰማ ተወልዶ ባደገበት ሰፈር ትምህርት ቤት ልክፈት አለ፣ በ1969 ከካሬል ሹክ ጋር ሆኖ ዳንስ ቲያትር ኦፍ ሃርለምን መሰረተ። ያ ቡድን አጎንን ራሱ ደነሰው። ሚቸል ያረፈው በ2018 ነው።

በዚህ አጋጣሚ ለሲልቨር ስፕሪንጓ እህቴም የሚሆን ነገር ልጨምር። ባሌት ውስጥ ታይትና ጫማ ሮዝ ይሁን ሚባለው የነጭ ቆዳን መስመር ለማስቀጠል ነው፣ ከእግር እስከ ዳሌ አንድ ቀለም እንዲመስል። የሃርለሙ ቡድን ታይቱንም ጫማውንም በየዳንሰኛው የቆዳ ቀለም አደረገው። ለብዙ ዓመት ጥቁር ዳንሰኞች የፖይንት (በእግር ጣት ጫፍ ሚቆሙበት) ጫማቸውን በፋውንዴሽን ሜካፕ እየቀቡ ነበር ሚለብሱት፣ ፍሪድ ኦፍ ለንደን ቡናማ የፖይንት ጫማ መስራት የጀመረው በ2018 ነው። ስለዚህ የልጅሽ አስተማሪ ሮዝ ብቻ ካለች በትህትና ጠይቂያት፣ ቡናማው ገበያ ላይ አለ፣ ልጅቷ መስታወት ውስጥ የራሷን እግር መስመር ማየት አለባት።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ፣ ዱባይ ነው የምሰራው። ባለፈው እትም «ባለቤቱ በፖሊዮ የተያዘችበት ዓመት» ብላችሁ አለፋችሁ። ምን ሆና ነው? ከባሌቱ ጋርስ ይገናኛል? (አንባቢ፣ ከዱባይ)

መልስ፦ የባላንቺን ሚስት ታናኪል ለክለር ትባላለች፣ የቡድኑ ትልቅ ዳንሰኛ ነበረች። በ1956 መኸር ላይ ቡድኑ አውሮፓ እየዞረ እያለ ኮፐንሃገን ላይ በፖሊዮ ተያዘች፣ 27 ዓመቷ ነበር፣ ክትባቱ ከወጣ ገና ዓመት ከምናምን። ከዛ ወዲህ በእግሯ አልቆመችም። ባላንቺን ስራውን ጥሎ አንድ ዓመት ያህል ከጎኗ ሆነ፣ እዛው ዴንማርክ ሆስፒታል፣ ከዛ አሜሪካ ማገገሚያ፣ እግሮቿን ሊመልስ እየሞከረ። አጎን ከዛ እንደተመለሰ በዛው ወቅት ከሰራቸው አንዱ ነው። ህዳር 27 ቀን 1957 መጀመሪያ የታየበት ምሽት ገቢው ለፖሊዮ መከላከያ ድርጅት ነበር፣ ይፋዊው ምሽት ታህሳስ 1 ነው።

ከዚህ ሚከብደው ደሞ ይሄ ነው፣ በ1946 ለዛው ለፖሊዮ ድርጅት የሰራው አጭር ዳንስ አለ፣ ለክለር ያኔ 16 ዓመቷ፣ በፖሊዮ የምትመታውን ልጅ ሆና ደነሰች፣ ፖሊዮን ሆኖ የደነሰው ደሞ ባላንቺን ራሱ ነው። አስር ዓመት በኋላ የሆነውን አይተሻል።

ይገናኛል ወይ ላልሽው፣ ባላንቺን ያንን አላወራም፣ ዳንሴ ስለዚህ ነው ማለት አይወድም ነበር። እኔ ግን ፓ ደ ዱውን ሳይ፣ ወንዱ የሴትየዋን እግር በእጁ አንስቶ ሚያስቀምጥበትን፣ ሚያዞርበትን፣ ሚዛን ሚፈልግላትን ሳይ፣ ዓመቱን ሙሉ የሰው እግር በእጁ ይዞ የከረመ ሰው ስራ መሆኑ ይታየኛል። አንቺ በሙያሽ በሽተኛ አንስተሽ ስለምታውቂ ከኔ በላይ ታዪዋለሽ ብዬ አምናለሁ። ለክለር እስከ 2000 መጨረሻ ኖራለች፣ በ1970ዎቹ ሚቸል ሃርለም ጠራትና ዊልቸር ላይ ሆና ስቴፑን በእጇና በክንዷ እያሳየች አስተማረች።

ጥያቄ፦ ዘጠኝ ልጆች ነን፣ አዲስ አበባ ላይ ኮንቴምፖራሪ እንሰራለን። አጎንን ብንሰራው ይፈቀዳል? (የዳንስ ቡድን፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ያለ ፈቃድ አይሆንም። ባላንቺን በ1983 ካረፈ በኋላ ስራዎቹን ሚያስተዳድር ባላንቺን ትረስት የሚባል ድርጅት በ1987 ተቋቁሟል፣ ፈቃድ ሚሰጠው እሱ ነው፣ ሲሰጥም ዳንሱን ሚያስተምር ሰው ልኮ ነው፣ ቪዲዮ አይቶ መኮረጅ አይቆጠርም። ሙዚቃውም የራሱ መብት አለው። ደሞ በግልጽ ልንገራችሁ፣ ለዓመታት በፖይንት ያልሰራ እግር አጎን ላይ ይጎዳል፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ ከሆነማ ጭራሽ አታስቡት።

ግን ስትራቪንስኪን መንካት ከፈለጋችሁ መንገድ አለ፣ ያውም በናንተው ከተማ በኩል የሚያልፍ። ሮይስተን ማልዱም የሚባለው እንግሊዛዊ ኮሪዮግራፈር በ1996 አዲስ አበባ መጥቶ ከጎዳና ልጆች ጋር «ካርሚና ቡራና»ን ሰራ፣ አዱኛ የዳንስ ቡድን የወጣው ከዛ ስራ ነው። ያው ሰውዬ በ2003 በርሊን ላይ 250 ልጆች ሰብስቦ፣ አብዛኞቹ ዳንስ ሰርተው ማያውቁ፣ ሳይመን ራትል ያኔ ይመራው ከነበረው ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር የስትራቪንስኪን «የጸደይ ሥርዓት» አስደነሳቸው። የአዱኛ ልጆች ደሞ አሁን አስተማሪዎች ናቸው፣ ፈልጓቸው፣ አግኟቸው፣ ጠይቋቸው።

የራሳችሁን ስሩ፣ አጀማመሩን ግን ከአጎን ውሰዱ። መጀመሪያ ሙዚቃ ምረጡ፣ ሰባት ስምንት ደቂቃ ይበቃል። ከዛ ከመነሳታችሁ በፊት ወረቀት አውጡና ክፍሎቹን በሰከንድ ጻፉ፣ እዚህ ሁለት ሰው 40 ሰከንድ፣ እዚህ ዘጠኛችሁም 25 ሰከንድ፣ እዚህ ማንም አይንቀሳቀስ 6 ሰከንድ፣ ስሜቱን አትጻፉ፣ ታሪክ አትጻፉ። ወረቀቱ ሲያልቅ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፣ ፍቃዳችሁ ከሆነ በሚቀጥለው እትም ከአንባቢዎች ጋር አብረን እናየዋለን።